ከሶርስ ኮድ የተተከለ ክላውድ በአንድ የባሕር ዳር የዲዛይን ቢሮ፦ የጉዳይ ጥናት

ጉዳዩ የሚመለከተው ባሕር ዳር ከተማ ውስጥ የሚሠራ አንድ አነስተኛ የመስኖና የውሃ ሥራዎች ጥናትና ዲዛይን ቢሮ ነው። ቢሮው ኔክስትክላውድ የተባለውን ክፍት ምንጭ (ኮዱ ለማንም ክፍት የሆነ) የፋይል ማከማቻና መጋሪያ አገልግሎት ከሶርስ ኮዱ፣ ማለትም ፕሮግራመሮች ከጻፉት ጽሑፍ፣ ወስዶ በራሱ ሰርቨር (አገልግሎት ሰጪ ኮምፒውተር) ላይ ተክሏል፤ እስከ ዛሬም በራሱ ባለሙያዎች ያስተዳድረዋል። በተከላውም ሆነ በአስተዳደሩ ከተሳተፉት አንዱ ነኝ፤ የቢሮውን ስም ግን ሥራ አስኪያጁ በጠየቁት መሠረት አልጠቅስም። ጉዳዩን በዝርዝር ለመጻፍ የተነሣሁት፣ ስለ ተከላ የሚጻፉ መመሪያዎች አገልግሎቱ ሥራ በጀመረበት ቅጽበት ላይ ስለሚያበቁና፣ እኛን ግን ይበልጥ ያስተማረን ከዚያ ቅጽበት በኋላ ያለው ሥራ ስለሆነ ነው።

የቢሮው ሁኔታ

የቢሮው ሥራ በአብዛኛው በጣና ዙሪያ ነው። የቅየሳ ቡድኖቹ ወደ ፎገራ ሜዳ፣ ወደ ደራና ወደ ዘጌ አቅጣጫ ለቀናት ይወጣሉ፤ ሲመለሱም የጂፒኤስ ነጥቦችን፣ የድሮን ፎቶግራፎችን፣ የአፈር ምርመራ ቅጾችንና ከአርሶ አደሮች ጋር የተደረጉ ውይይቶችን ቃለ ጉባኤ ይዘው ይመጣሉ። ይህ ሁሉ ለዓመታት ከእጅ ወደ እጅ በፍላሽ ይዘዋወር፣ አስቸኳዩም በቴሌግራም ይላክ ነበር። አንድ ጊዜ የአንድ ቦይ የወለል ከፍታ በሁለት ሥዕሎች ላይ ተለያይቶ ሁለቱም ወደ ሥራ ቦታ ስለደረሱ፣ ተቋራጩ የትኛውን እንደሚከተል በጽሑፍ ጠየቀ። ከዚያ በኋላ የፋይል አያያዝ የአስተዳደር ጉዳይ ብቻ መሆኑ ቀርቶ የምህንድስና ጉዳይ ሆነ።

በመጀመሪያ የተሞከረው በወርሃዊ ክፍያ የሚገኝ የውጭ አገር ክላውድ ነበር። ሁለት ነገሮች አላስኬዱትም። በሐምሌ 2015 መጨረሻ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ከተቋረጠ በኋላ ረዘም ላለ ጊዜ የመስክ ሠራተኞች ፋይሎቻቸውን በስልክ መላክ አልቻሉም፤ የቢሮው መስመር በተቆራረጠ ቁጥርም ጎን ለጎን የተቀመጡ ሁለት መሐንዲሶች አንድን ሥዕል ለመቀባበል ውቅያኖስ ማዶ ያለ ኮምፒውተር መጠበቅ ግድ ሆነባቸው። ቀጥሎም ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ በዶላር የሚከፈለው ሒሳብ በብር ሲሰላ በአጭር ጊዜ እጥፍ ገደማ ደረሰ። በዚሁ ዓመት የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የግል መረጃ የሚሰበስቡ አካላትን ኃላፊነት ስለደነገገ፣ የተጠቃሚ አርሶ አደሮች ስምና ስልክ ቁጥር ያለባቸው ዝርዝሮች የት እንደሚቀመጡና ማን እንደሚያያቸው በእርግጠኝነት መናገር መቻል ለቢሮው አስፈላጊ ሆነ።

ለምን ኔክስትክላውድ፣ ለምንስ ከሶርስ ኮድ

ኔክስትክላውድ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2016 ነው። ፍራንክ ካርሊቼክ እ.ኤ.አ. በ2010 የጀመረውን ኦውንክላውድን ለቆ ከባልደረቦቹ ጋር ከዚያው ኮድ ላይ አዲስ ቅርንጫፍ አውጥቶ መሠረተው። ይህን ታሪክ ለሥራ አስኪያጁ ያቀረብኩላቸው ለጌጥ አይደለም፤ ፈቃዱ ክፍት የሆነ ሶፍትዌር የሚያስተዳድረው ኩባንያ ቢቀያየርም እንኳ በሥራ ላይ ሊቆይ እንደሚችል የሚያሳይ ተጨባጭ ማስረጃ ስለሆነ ነው።

ከሶርስ ኮድ መትከል ግን በራሱ ምክንያት የሚጠይቅ ውሳኔ ነው፤ ምክንያቱም የፕሮጀክቱ መመሪያ ራሱ ለመደበኛ አገልግሎት የሚመክረው ተዘጋጅቶና ተፈርሞ የሚለቀቀውን ጥቅል ፋይል ነው። ጥቅሉን የሚጠቀም ሰው እያንዳንዱ ፋይል ከተፈረመበት ዝርዝር ጋር መመሳከሩን ሶፍትዌሩ ራሱ ያረጋግጥለታል፤ ከጊት፣ ማለትም የኮድ ለውጦችን ከነታሪካቸው ከሚመዘግበው መሣሪያ፣ የሚወስድ ሰው ይህን ጥበቃ ያጣል። እኛ ጊትን የመረጥንባቸው ምክንያቶች ሁለት ናቸው። አንደኛው የመስመራችን ጥበት ነው፦ ጥቅሉ በእያንዳንዱ ማሻሻያ እንደ አዲስ ሙሉ በሙሉ መውረድ ሲኖርበት፣ ጊት ግን የተለወጠውን ብቻ ያመጣል። ሁለተኛውና ይበልጥ የሚመዝነው ግን ችግር ሲያጋጥም መልሱን በመላ ምት ከመፈለግ ኮዱን ከፍቶ ማንበብ፣ በመጨረሻም የተነበበው ኮድ በትክክል እየሠራ ያለው ኮድ መሆኑን ማወቅ መፈለጋችን ነው። ላጣነው የፊርማ ማረጋገጫ ምትክ ያደረግነው ጊትን ራሱን ነው፤ በየማለዳው አንድ አጭር ትእዛዝ በኮዱ ውስጥ ከተመዘገበው የተለየ ፋይል እንዳለ ይመረምርና ካለ ለእኔና አብሮኝ ለሚያስተዳድረው ባልደረባ መልእክት ይልካል።

ኮዱን ባሕር ዳር ማድረስ

የመጀመሪያው እንቅፋት ከሁሉ ቀላል የሚመስለው ሥራ ላይ ገጠመን። የጊት የመጀመሪያ ቅጂ እየወረደ ሳለ መስመሩ ከተቋረጠ ከቆመበት አይቀጥልም፤ እንደገና ከዜሮ ይጀምራል። የኔክስትክላውድ ሰርቨር የኮድ ማከማቻ ደግሞ የብዙ ዓመታት የለውጥ ታሪክ የተሸከመ ግዙፍ ማከማቻ ነው። ታሪኩን ትቶ የመጨረሻውን ሁኔታ ብቻ የሚያወርደው አቋራጭ ለመትከል በቂ ነበር፤ ይሁን እንጂ አንድ መስመር ኮድ መቼና ለምን እንደተጻፈ ለማየት ታሪኩን እንፈልገው ነበር። መፍትሔው ጊት ራሱ ያለው የበንድል ዘዴ ሆነ፦ አዲስ አበባ ያለ የሙያ ባልደረባ ሙሉውን ማከማቻ ወደ አንድ ፋይል አጠቃልሎ፣ ከተቋረጠበት መቀጠል በሚያስችል የማውረጃ መንገድ አቀረበልን። መስመሩ ሲመጣና ሲሄድ ፋይሉ ሌሊት ሌሊት ወረደ።

በሰው እጅ ያለፈ ኮድ ላይ አገልግሎት ማቆም ግን ጥንቃቄ ይሻል። ጊት እያንዳንዱን ለውጥ ከይዘቱ በተሰላ የ40 ምልክት መለያ ስለሚመዘግብ፣ በበንድሉ ውስጥ የነበረውን የሥሪት 30 መለያ ፕሮጀክቱ በይፋ ካወጣው ጋር አመሳከርን። መለያው አንድ ከሆነ ከሥሩ ያለው ታሪክም አንድ ነው፤ አንድ ፊደል እንኳ ቢለወጥ መለያው ይለወጣል።

ተከላው

ማሽኑ 16 ጊጋባይት ሜሞሪና አንዱ የሌላውን ቅጂ የሚይዙ ሁለት ባለ 4 ቴራባይት ዲስኮች ያሉት ሲሆን፣ በላዩ ሥርዓተ ክወናው ዴቢያን 12 (የሊኑክስ ዓይነት)፣ የድረ ገጽ አገልጋዩ አፓቺ፣ ኔክስትክላውድ የተጻፈበት የፕሮግራም ቋንቋ ፒኤችፒ 8.2፣ ዳታቤዙ ማሪያዲቢና ለፍጥነት የሚያገለግለው ጊዜያዊ ማከማቻ ሬዲስ ተጭነውበታል። በዚህ ክፍል ብዙ አልቆይም፤ ለጥቅሉ የተጻፉት መመሪያዎች ለዚህም ይሠራሉ። ከሶርስ ኮድ በመምጣቱ ብቻ የሚለዩትን ሁለት ነገሮች ግን መጥቀስ ይገባል።

የመጀመሪያው፣ ኔክስትክላውድ የሚደገፍባቸው የሌሎች ፕሮጀክቶች ኮዶች በተለየ ንዑስ ማከማቻ የሚቀመጡ መሆናቸው ነው። ዋናው ማከማቻ ሲወርድ ያ አቃፊ ባዶ ሆኖ ስለሚመጣ፣ በተጨማሪ ትእዛዝ ካልተሞላ ድረ ገጹ ሲከፈት አገልግሎቱ መቀጠል እንደማይችል የሚገልጽ አጭር መልእክት ብቻ ይታያል። ይህ በተከላ ጊዜ ወዲያው የሚታይ በመሆኑ አያሳስብም፤ አሳሳቢው በማሻሻያ ጊዜ ነው፤ ዋናው ኮድ ወደ አዲስ ሥሪት ተሸጋግሮ ንዑሱ በአሮጌው ላይ ከቀረ ስሕተቱ ግራ በሚያጋባ መልክ ይመጣል። ሁለተኛው ደግሞ፣ የጥቅሉ ተጠቃሚዎች የኔክስትክላውድ አካል አድርገው የሚያውቋቸው ብዙ ነገሮች፣ ለምሳሌ ፒዲኤፍና ፎቶግራፍ በገጹ ላይ የሚከፍተው መመልከቻ፣ የጽሑፍ አርታዒውና የማሳወቂያ ክፍሉ፣ በዋናው ማከማቻ ውስጥ የሉም። እያንዳንዱ የራሱ ማከማቻ አለው፤ ከሰርቨሩ ሥሪት ጋር የሚስማማው ቅርንጫፍ (በጊት ውስጥ ለአንድ ሥሪት የተለየ የኮድ መስመር) ተመርጦ በየተራ መምጣት አለበት። ስለዚህ ከሶርስ ኮድ የሚተክል ሰው፣ ጥቅሉን የሚያዘጋጁት ሰዎች የሚሠሩትን የማሰባሰብ ሥራ በራሱ ትከሻ ላይ እየወሰደ መሆኑን ከወዲሁ ሊያውቅ ይገባል። በእኛ በኩል የየትኛው ክፍል የትኛው ቅርንጫፍ እንደተወሰደ የሚዘረዝር አንድ ፋይል አዘጋጅተን፣ እሱንም በጊት ውስጥ አስገባነው።

የኮዱ ፋይሎች ባለቤት ድረ ገጹን የሚያስኬደው ተጠቃሚ እንዳይሆን፣ የሠራተኞች ፋይሎች የሚቀመጡበት አቃፊም ከድረ ገጹ ሥር ውጭ እንዲሆን ተደረገ። አንድ ሰው በአገልግሎቱ ቀዳዳ በኩል ቢገባ እንኳ ኮዱን ራሱን መለወጥ እንዳይችል ማድረግ ብዙ ድካም የማይጠይቅ ትልቅ ጥበቃ ነው።

የጠዋቱ መጨናነቅ

አገልግሎቱ ለሁሉም ሠራተኞች ከተከፈተ በኋላ የመጀመሪያው ቅሬታ ጠዋት ጠዋት የሚመጣ ሆነ። ሠራተኞች 2፡30 ላይ ገብተው ኮምፒውተሮቻቸውን ሲከፍቱ ገጹ ለደቂቃዎች አይከፈትም፤ 3፡00 ሲያልፍ ይስተካከላል። ማሽኑ ላይ ግን ሜሞሪውም ፕሮሰሰሩም ሥራ የበዛባቸው አይመስሉም ነበር። ምክንያቱን የነገረን የፒኤችፒ መዝገብ ነው፦ ጥያቄዎችን የሚያስተናግዱት የፒኤችፒ ፕሮሰሶች (በአንድ ጊዜ የሚሠሩ የፕሮግራሙ ቅጂዎች) ቁጥር በዴቢያን ላይ ሳይነካ ሲቀር ጣሪያው 5 ነው። እያንዳንዱ ኮምፒውተር ላይ ያለው የማመሳሰያ ፕሮግራም ሲነሣ በአንድ ጊዜ በርከት ያሉ ጥያቄዎችን ስለሚያቀርብ፣ አምስቱ ተይዘው ሌላው ሁሉ ተሰልፎ ይጠብቅ ነበር። አንድ ፕሮሰስ በሥራ ላይ ሳለ የሚይዘውን ሜሞሪ ለክተን፣ ለዳታቤዙና ለሬዲስ የሚያስፈልገውን ቀንሰን፣ የተረፈውን በዚያ አካፍለን ጣሪያውን 40 አደረግነው፤ የጠዋቱ ቅሬታም ቆመ። የፒኤችፒ የፋይል መጠን ጣሪያም እንዲሁ ሳይነካ ሲቀር 2 ሜጋባይት ብቻ በመሆኑ፣ የድሮን ፎቶ ለሚያስተናግድ ቢሮ አብሮ መታየት ይኖርበታል።

የረጅም ስሞች ጉዳይ

ከሁሉም በላይ ብዙ ያስተማረን ችግር ይህ ነው። አንዳንድ ሪፖርቶች በሠራተኛው ኮምፒውተር ላይ ያለ ችግር ተቀምጠው ሳለ ወደ ሰርቨሩ አንሄድም አሉ። ሁሉም በአማርኛ የተሰየሙ፣ ሁሉም ረጅም ስም ያላቸው ነበሩ። ከእነዚህ የአንዱ ስም «በፎገራ ወረዳ በጉማራ ወንዝ ላይ ለሚገነባው የአነስተኛ መስኖ ፕሮጀክት የተዘጋጀ የማኅበራዊና ኢኮኖሚያዊ ጥናት የመጨረሻ ረቂቅ ሪፖርት ከአባሪዎቹ ጋር» የሚል ነበር።

ኮምፒውተሮች ፊደላትን በቁጥር በሚያስቀምጡበት የዩቲኤፍ-8 አጻጻፍ የእንግሊዝኛ ፊደል 1 ባይት (የመረጃ መለኪያ አሃድ) ሲይዝ እያንዳንዱ የእኛ ፊደል 3 ባይት ይይዛል። የዊንዶውስ የፋይል ሲስተም (ፋይሎች በዲስክ ላይ የሚደራጁበት ሥርዓት) የሆነው ኤንቲኤፍኤስ የፋይል ስምን በ255 የዩቲኤፍ-16 አሃድ ስለሚገድብና የእኛ ፊደል እዚያ እንደ አንድ አሃድ ስለሚቆጠር፣ ይህ ስም ለሠራተኛው ኮምፒውተር ረጅም አይደለም። የሊኑክሱ የፋይል ሲስተም ኢኤክስቲ4 ግን ገደቡን በባይት ይቆጥራል፤ 255 ባይት ነው። የሪፖርቱን ስም ስንቆጥር 77 ፊደላት፣ 17 ክፍት ቦታዎችና ከነነጥቡ 5 ምልክት የሆነ የዎርድ ፋይል ቅጥያ አገኘን፤ በድምሩ 253 ባይት። ስለዚህ ዲስኩ ሊቀበለው ይገባ ነበር፤ ነገር ግን አገልግሎቱ አልተቀበለውም።

መልሱን ያገኘነው ከኮዱ ነው። የፋይል ስሞችን የሚመረምረው ክፍል የስሙ 251ኛ ባይት መኖሩን ይጠይቃል፤ ካለ ስሙ ረጅም ነው ብሎ ይመልሰዋል። ከላዩ ያለው የጸሐፊዎቹ ማስታወሻ ምክንያቱን ያስረዳል፦ የተለመዱት የሊኑክስ ፋይል ሲስተሞች ገደብ 255 ሲሆን፣ ኔክስትክላውድ የፋይሎችን ዝርዝር የሚይዝበት የዳታቤዝ ሠንጠረዥ ግን ለስም የመደበው 250 ነው። ሠንጠረዡ የሚቆጥረው ቁምፊ (ፊደል ወይም ምልክት) ነው፤ ፒኤችፒ ግን በዚያ መንገድ ሲጠየቅ የሚቆጥረው ባይት ነው። በእንግሊዝኛ ፊደል ለሚጽፍ ሰው ሁለቱ አንድ ናቸው፤ ለእኛ ግን ልዩነቱ ሦስት እጥፍ ነው።

ባልደረባዬ መጀመሪያ ያሰበው ቁጥሩን ከፍ ማድረግ ነበር፤ ኮዱ በእጃችን ስለሆነ የአንድ መስመር ለውጥ ነው። ነገር ግን ገደቡን እስከ ዲስኩ ጣሪያ ድረስ ብንገፋው የምናተርፈው 5 ባይት፣ ማለትም አንድ የአማርኛ ፊደል ብቻ ነው። ይህን ስናውቅ ገደቡን ሳንነካ ተውነው። የተለወጠው መልእክቱ ነው፦ ስሙ ረዝሟል ከሚል አጭር ቃል ይልቅ፣ ስሙ ስንት ባይት እንደሆነና ስንት የአማርኛ ፊደል መቀነስ እንዳለበት በአማርኛ እንዲናገር አደረግን። ቢሮውም ለፋይል ስም ከ60 ፊደል የማይበልጥ ደንብ አወጣ፤ ከገደቡ ራቅ ብሎ መቆሙ ጠቃሚ ነው፤ ፋይል ሲሰረዝ አገልግሎቱ በስሙ ላይ የ12 ባይት የጊዜ ምልክት ስለሚቀጥልበት።

የፍለጋው ጉዳይ

ሁለተኛው ከፊደላችን የመጣ ችግር የፍለጋ ነው። በቢሮው ውስጥ አንዱ «ሥዕል» ሲል ሌላው «ስእል» ይላል፤ አንዱ «ዓመት» ሲጽፍ ሌላው «አመት» ይጽፋል። ኔክስትክላውድ በማሪያዲቢ ላይ ስሞችን የሚያነጻጽረው በፊደሉ የኮድ ቁጥር ስለሆነ፣ በአንዱ አጻጻፍ የፈለገ ሰው በሌላው የተሰየመውን ፋይል አያገኘውም። የመዝገብ ቤቱ ኃላፊ፣ ቢሮው ከተመሠረተ ጀምሮ ያሉ እናት፣ የፋይሎቹን ስም ወደ አንድ አጻጻፍ እንለውጥ ብለን ስንጠይቃቸው «ልጆቼ፣ የጻፍኩትን አትንኩብኝ፤ ስፈልገው ብቻ አግኙልኝ» አሉን። ትክክል ነበሩ፤ የሰነድ ስም የሰነዱ አካል ነው፤ ለማሽን ምቾት ተብሎ መለወጥ የለበትም።

መፍትሔውን በዋናው ኮድ ውስጥ አላስገባነውም። ኔክስትክላውድ ከሥሪት 20 ጀምሮ ማንኛውም ተጨማሪ አፕ የራሱን ውጤት ወደ አንዱ የፍለጋ ሳጥን እንዲያቀርብ ይፈቅዳል። በዚህ በኩል አንዲት ትንሽ አፕ ጻፍን፦ አንድ ፋይል ሲፈጠር ወይም ስሙ ሲለወጥ፣ ሐንና ኀን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ ከነቤተሰቦቻቸው መልሳ የተስተካከለውን ቅጂ በራሷ ሠንጠረዥ ትይዛለች፤ ፈላጊው የሚጽፈውንም እንዲሁ አስተካክላ ታነጻጽራለች። የፋይሉ እውነተኛ ስም አይነካም። አፗ ከዋናው ኮድ ውጭ ባለ አቃፊ ስለምትኖር ማሻሻያ ሲመጣ አትደናቀፍም። ኮዱ በእጅ ሲሆን ሁሉን ነገር ከውስጥ የመለወጥ ፈተና ብርቱ ነው፤ በዋናው ኮድ ላይ የምንጨምረው እያንዳንዱ መስመር ግን በየማሻሻያው ተሸክመነው የምንጓዘው ዕዳ በመሆኑ፣ በውስጥ የተውነው ለውጥ ከላይ የጠቀስኩት መልእክት ብቻ ነው።

ኢንተርኔት በሌለበት ወቅት

ሰርቨሩ በቢሮው ውስጥ ስለሆነ የውጭ መስመር ቢቋረጥም ሥራ አይቆምም። ሁለት ነገሮች ግን በዝምታ በኢንተርኔት ላይ የተደገፉ ናቸው። አንዱ ኮምፒውተሮች ከትክክለኛው ሰርቨር ጋር መገናኘታቸውን የሚያረጋግጠው የደኅንነት ሰርተፊኬት ነው። ሌትስ ኢንክሪፕት በነፃ የሚሰጠው ሰርተፊኬት ለ90 ቀናት ያገለግላል፤ የሚያድሰው ፕሮግራም በተለመደው አሠራር 30 ቀን ሲቀረው ያድሰዋል። በአካባቢያችን የታየው መቋረጥ ከ30 ቀን ሊበልጥ እንደሚችል ስለምናውቅ፣ በዚህ ላይ መደገፍ ማለት መስመሩ በጠፋበት ወቅት፣ ማለትም አገልግሎቱ እጅግ በሚያስፈልግበት ጊዜ፣ ሁሉም ኮምፒውተር ማስጠንቀቂያ እያሳየ እንዲቆም መፍቀድ ነበር። ስለዚህ ቢሮው የራሱን ሰርተፊኬት ሰጪ አቋቋመ፤ የሥሩ ሰርተፊኬት በየኮምፒውተሩ ተጫነ፤ ምስጢራዊ ቁልፉ ከማንኛውም ኔትወርክ ውጭ፣ በተመሰጠረ ፍላሽ ላይ ሆኖ በገንዘብ ሣጥኑ ውስጥ ተቀመጠ።

ሌላው ሰዓት ነው። ሠራተኞች ከይለፍ ቃል በተጨማሪ በስልካቸው ላይ በየ30 ሰከንዱ የሚለዋወጥ ቁጥር ያስገባሉ፤ ይህ የሚሠራው የስልኩና የሰርቨሩ ሰዓት ሲቀራረቡ ነው። ሰርቨሩ ሰዓቱን የሚያስተካክለው ከኢንተርኔት ስለሆነ፣ መስመር ለረጅም ጊዜ ሲጠፋ ቀስ እያለ ይዛነፋል፤ በመጨረሻም ትክክለኛው ቁጥር ተቀባይነት ያጣል። የቅየሳ ቢሮ መሆናችን እዚህ ላይ ጠቀመን። ከአገልግሎት የወጣ አንድ የጂፒኤስ መቀበያ በመስኮቱ አጠገብ ተደርጎ ከሰርቨሩ ጋር ተያያዘ፤ ሰዓቱ ከሳተላይት ይመጣል። ለቅየሳ ያረጀው መሣሪያ ለዚህ ከበቂ በላይ ትክክለኛ ነው።

መብራትና መጠባበቂያ ቅጂ

መብራት ሲጠፋ ዩፒኤሱ ማሽኑን ለተወሰኑ ደቂቃዎች ይይዛል፤ ባትሪው ሲዳከም ለሰርቨሩ ምልክት ይልክና ሰርቨሩ ዳታቤዙን በሥርዓት ዘግቶ ራሱን ያጠፋል። ምልክቱ ከሌለ ዩፒኤስ መጥፎውን መጥፋት ከማዘግየት አያልፍም። ማሪያዲቢ ድንገት ቢጠፋም ከለውጥ መዝገቡ ተነሥቶ ራሱን የመጠገን አቅም አለው፤ ዲስክ ግን መብራት ሲመለስ የሚመጣውን መወዛወዝ ሁልጊዜ አይቋቋምም። በአንድ የክረምት ምሽት ከሁለቱ ዲስኮች አንዱ እንዲህ ሆኖ ተበላሸ፤ ሁለተኛው ሥራውን ስለቀጠለ ተተኪው እስኪገዛ ድረስ ማንም ሠራተኛ ልዩነቱን አላወቀም። ይህ ግን የመጠባበቂያ ቅጂ አይደለም፤ በስሕተት የተሰረዘ ፋይል ከሁለቱም ዲስኮች እኩል ይሰረዛል።

የመጠባበቂያ ቅጂው ሦስት ነገሮችን በአንድነት መያዝ አለበት፦ የፋይሎቹን አቃፊ፣ የዳታቤዙን ቅጂና የቅንብር ፋይሉን። በቅንብር ፋይሉ ውስጥ ይለፍ ቃሎችና የተመሰጠሩ መረጃዎች የሚመረኮዙበት ምስጢር ስላለ፣ ያለ እሱ የሌሎቹ ሁለቱ ቅጂ ብዙ ዋጋውን ያጣል። ሌሊት አገልግሎቱ ለአጭር ጊዜ ወደ ጥገና ሁኔታ ይገባና ሦስቱ በአንድ ቅጽበት ይቀዳሉ፤ ከዚያም ሬስቲክ በተባለው የመጠባበቂያ ቅጂ ፕሮግራም ተመስጥረው ወደ ውጫዊ ዲስክ ይሄዳሉ። ከሁለት ውጫዊ ዲስኮች አንዱ ሁልጊዜ በከተማው ሌላ ሰፈር ይቀመጣል፤ በየሳምንቱ ይለዋወጣሉ። ቅጂው መኖሩን ብቻ ሳይሆን መነሣቱን ለማረጋገጥ፣ ተከላውን ያልሠራች አንዲት ባልደረባ የተጻፈውን መመሪያ ብቻ ይዛ በአሮጌ ላፕቶፕ ላይ ሁሉንም መልሳ እንድታነሣ ተደረገ። ያላብራራናቸውን ቦታዎች ያሳየችን እሷ ናት፤ ከዚያ ወዲህ መመሪያውን የምትጠብቀውም እሷ ሆናለች።

ማሻሻያ

ሥሪት 30 የወጣው በመስከረም 2017 ሲሆን፣ 31 በየካቲት 2017፣ 32 በመስከረም 2018 ተከተሉ። ኔክስትክላውድ ዋና ሥሪት መዝለልን አይፈቅድም፤ ከ30 ወደ 32 የሚሄድ ሰው በ31 ማለፍ አለበት፤ እያንዳንዱ ሥሪት የሚደገፈው ደግሞ ለአንድ ዓመት ያህል ነው። ስለዚህ ማሻሻያን የሚያዘገይ ቢሮ ኋላ ላይ ብዙ ደረጃዎችን በአንድ ጊዜ መውጣት ይጠበቅበታል።

ከሶርስ ኮድ ለሚሠራ ሰው እዚህ ላይ አንድ አሳሳች ነገር አለ። ጊት ኮዱን በአንድ ትእዛዝ ወደ ትናንት ሊመልሰው ይችላል፤ ስለዚህ ካልተሳካ እንመለሳለን የሚል መተማመን ይፈጥራል። ዳታቤዙ ግን አብሮ አይመለስም። የማሻሻያው ትእዛዝ ሠንጠረዦቹን ይለውጣል፤ ኔክስትክላውድም ወደ ታች ሥሪት መመለስን አይደግፍም። መመለሻው መንገድ አንድ ነው፤ እሱም ከማሻሻያው በፊት የተወሰደው ቅጂ ነው። በዚህ የተነሣ እያንዳንዱ ማሻሻያ በቅድሚያ በላፕቶፑ ላይ፣ በእውነተኛው ዳታ ቅጂ ይለማመዳል፤ ዋናው ኮድ፣ ንዑስ ማከማቻውና በዝርዝሩ ያሉት ክፍሎች ሁሉ ወደሚስማማቸው ቅርንጫፍ ይሸጋገራሉ፤ የእኛ አንድ ለውጥ በአዲሱ ላይ ይደረባል፤ የፍለጋ አፗ ትፈተሻለች፤ ከዚያ በኋላ ብቻ ቅዳሜ ከሰዓት በዋናው ማሽን ላይ ይሠራል።

ስለ ፈቃዱም አንድ ነገር መታወቅ አለበት። ኔክስትክላውድ የሚሰራጨው በኤጂፒኤል ሦስተኛ ሥሪት ነው። ይህ ፈቃድ ኮዱን ለውጦ በኔትወርክ አገልግሎት የሚሰጥ ሰው የተለወጠውን ኮድ ለተጠቃሚዎቹ እንዲያቀርብ ያስገድዳል። የእኛ ለውጥ ጥቂት መስመር ቢሆንም ግዴታው አይቀርም፤ ስለዚህ በመግቢያ ገጹ ግርጌ ወደ ኮዳችን የሚወስድ ማያያዣ አለ፤ ማንኛውም ሠራተኛ ሊያወርደው ይችላል።

አሁን አገልግሎቱ በሥሪት 32 ላይ ይሠራል። የመስክ ቡድኖች በየላፕቶፓቸው የሠሩት ሥራ ቢሮ ሲገቡ በራሱ ይመሳሰላል፤ አንድ ሥዕል ሲለወጥ የቀድሞው ሥሪት ከነቀኑ ስለሚቀመጥም የቦዩ ዓይነት ጥያቄ ሲነሣ የትኛው ከፍታ መቼ እንደገባና ማን እንዳስገባው ይታያል። የቀረው ሥራ ሥርዓተ ክወናውን ከዴቢያን 12 ወደ 13 ማሸጋገር ነው። ዴቢያን 13 ፒኤችፒ 8.4ን ይዞ ስለሚመጣ፣ ሥሪት 30 ላይ ሳለን ብንሸጋገር ኖሮ አገልግሎቱ አይነሣም ነበር፤ በዚህ ምክንያት የኔክስትክላውድ ማሻሻያ እንዲቀድም ተደርጓል። ሽግግሩ በላፕቶፑ ላይ ተሞክሮ አልፏል፤ በዋናው ማሽን ላይ የሚሠራው ከክረምቱ የመብራት መቆራረጥ በፊት ነው።